በረኛ ነኝ፤ ለኮንክሪት ሜዳ የትኛውን ኢንላይን የሆኪ ስኬት ላስመጣ?

ጥያቄ፦ ከአራት ኪሎ ነው የምጽፍላችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ከጓደኞቼ ጋር ኮንክሪት የቅርጫት ኳስ ሜዳ ላይ ኢንላይን ሆኪ (ጎማው በአንድ መስመር የተደረደረ ስኬት፣ ማለትም ባለ ጎማ ጫማ፣ ተደርጎ የሚጫወት ሆኪ) እንጫወታለን፤ በረኛው እኔ ነኝ። የማደርገው ከመርካቶ የተገዛ ተራ የመዝናኛ ስኬት ነው። ወደ ጎን ስገፋ ቁርጭምጭሚቴ ይታጠፍብኛል። የእግር ፓዱን (የበረኛ የእግር መከላከያውን) ከጫማው ጫፍ ጋር የሚያያይዘው ገመድም ጎማው ውስጥ እየገባ በየሳምንቱ ይበጠሳል። አጎቴ ለገና ከአሜሪካ ስለሚመጣ አንድ ጥንድ አምጣልኝ ልለው አስቤአለሁ። ቁጥሬ 42፣ ክብደቴ 78 ኪሎ ነው። የበረኛ የሚባለውን ይግዛልኝ ወይስ የተጫዋች ይበቃኛል? ጎማውስ ምን ዓይነት ይሁን? ፈጣን ኩሽኔታ ያስፈልገኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መልሱን አስቀድሜ ልንገርህ፤ ምክንያቱን ከዚያ እናያለን። አጎትህ የሚገዛልህ መካከለኛ ደረጃ ያለው የተጫዋች ኢንላይን ሆኪ ስኬት ይሁን። ፍሬሙ (ከጫማው ሥር ጎማዎቹን የሚይዘው ክፍል) አሉሚኒየም፣ አራቱንም ጎማ እኩል 80 ሚሊሜትር እንዲይዝ ተደርጎ የተሠራ። ከዚያ ለብቻው 8 የውጭ ሜዳ ጎማ ይግዛ፤ ቁመታቸው 76 ሚሊሜትር፣ ጥንካሬያቸው 84ኤ ወይም 85ኤ (ኤ ያለበት ቁጥር የጎማ ጥንካሬ መለኪያ ነው)። ፈጣን ኩሽኔታ አያስፈልግህም፤ እንዲያውም ይጎዳሃል። ጫማው የሚመረጠው እግርህን አይቶ ነው፤ ጎማው ግን ሜዳውን አይቶ። ከውጭ ዕቃ የሚያስመጣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ሱቁ በጫማው ላይ ገጥሞ የሚሸጠውን ጎማ እንዳለ ተቀብሎ ነው። ያ ጎማ ለቤት ውስጥ ፕላስቲክ ንጣፍ የተሠራ ለስላሳ ጎማ ነው፤ የእኛን ኮንክሪት አይችለውም።

"የበረኛ" የሚል ስም ያለውን ለምን እንዳልመከርኩህ ላስረዳ። በበረዶ ሆኪ የበረኛ ጫማ ራሱን የቻለ ዕቃ ነው። እግሩን ከግጭት የሚከላከል ጠንካራ ቅርፊት ዙሪያውን ይከበዋል፣ ብረቱ ከተጫዋቹ ይልቅ ረዘምና ጠፍጠፍ ይላል፣ አንገቱም በረኛው ጉልበቱን እንዲያጥፍ ዝቅ ብሎ የተቆረጠ ነው። በኢንላይን ግን በረኞች የሚያደርጉት ከሦስት አንዱን ነው፦ የተጫዋቹን ስኬት እንዳለ፣ ወይም የበረዶ በረኛ ጫማ ብረቱ ተነቅሎ በሪቬት የጎማ ፍሬም የተመታበት፣ ወይም አምስት ትናንሽ ጎማ ያለው ፍሬም።

ሁለተኛው ጥሩ ነው፤ ለእግር ጣትና ለቁርጭምጭሚት ከሁሉም የተሻለ መከላከያ አለው። ችግሩ ፍሬሙ ከሶሉ መሃል መስመር ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ዘወር ካለ እግርህ ቀኑን ሙሉ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ያጋድላል። ይህን እዚህ ለማስተካከል ሪቬቱን መቅደድ፣ ቀዳዳውን መሙላት፣ እንደገና መብሳት ሊያስፈልግ ነው። ሠርቶ የሚያውቅ ባለሙያ አጠገብህ ከሌለ አትግባበት። ሦስተኛው፣ ባለ አምስት ጎማው፣ ብዙውን ጊዜ 59 ሚሊሜትር አካባቢ ጎማ ይጠቀማል። ዝቅ ያለና የማይናወጥ ነው፤ ለተወለወለ አዳራሽ ግሩም ነው። ኮንክሪት ሜዳ ላይ ግን በየሰሌዳው መጋጠሚያ ያለው ስንጥቅ ትንሿን ጎማ ይይዛታል፤ ዓይንህን ኳሱ ላይ ተክለህ ወደ ጎን ስትሄድ ጎማ ከተያዘ በግንባርህ ነው የምትወድቀው። መለወጫ ጎማውም እንደ ልብ አይገኝም።

ስለዚህ የተጫዋቹ ስኬት። ባወር፣ ሚሽን፣ ቱር፣ አልካሊ ሁሉም ይሠራሉ። በስም አትጨነቅ፤ በጥንካሬ ደረጃው ተጨነቅ። እያንዳንዱ ኩባንያ ከጀማሪ እስከ ባለሙያ ደረጃ አለው። የጀማሪው አንገት ለስላሳ ነው፤ አሁን የሚታጠፍብህ ቁርጭምጭሚት ነገም ይታጠፋል። የባለሙያው ደግሞ እንደ እንጨት ደረቅ ነው፤ በረኛ ጉልበቱን አጥፎ መቀመጥ ስላለበት ቁርጭምጭሚቱን ይይዘዋል። አጎትህ ሱቅ ውስጥ ሆኖ የሚያደርገው ፈተና ቀላል ነው፦ የጫማውን ሁለት ጎን ቁርጭምጭሚት በሚያርፍበት ላይ በመዳፉና በአውራ ጣቱ ይጭመቀው። ያለ ትግል ከተጣጠፈ ለአንተ አይሆንም። ትንሽ ሰጥቶ ወዲያው ከተመለሰ እሱ ነው።

አሁን ልክ። ይህ ክፍል ረዘም ይላል፤ እግርህ ሳይኖር የሚገዛ ጫማ ስለሆነ።

42 ቁጥር የሚያደርግ ወንድ በአሜሪካ የመንገድ ጫማ 8.5 ወይም 9 አካባቢ ይሆናል። የሆኪ ስኬት ግን ከመንገድ ጫማ አንድ ወይም አንድ ተኩል ቁጥር ያንሳል፤ ስለዚህ ከ7 እስከ 8 ያለው ነው የሚመለከትህ። አጎትህ ይህን ካላወቀ "ልጁ 9 ነው ያለኝ" ብሎ 9 ያመጣል፤ ያኔ ተረከዝህ ውስጡ ሲዋኝ ትከርማለህ። ስለዚህ ቁጥር አትላክለት፤ ሚሊሜትር ላክለት።

አለካኩ እንዲህ ነው። ማታ ለካ፤ እግር ቀን ሲውል ያብጣል። ስኬት ስታደርግ የምትለብሰውን ስስ ካልሲ አድርግ። ወረቀት ከግድግዳ አስጠግተህ መሬት ላይ አንጥፍ፣ ተረከዝህን ግድግዳው ላይ አስደግፈህ ቁም፣ ክብደትህን ሙሉ ጣልበት። ሌላ ሰው እርሳሱን ቀጥ አድርጎ ይዞ የረጅሙን ጣት ጫፍ ምልክት ያድርግ። ራስህ ጎንበስ ብለህ ከለካህ ክብደቱ ስለሚዛነፍ አምስት ሚሊሜትር ልትስት ትችላለህ። ሁለቱንም እግር ለካ፤ የሚበልጠውን ውሰድ። ከዚያ የእግርህን ሰፊ ቦታ፣ ከአውራ ጣት ሥር እስከ ትንሿ ጣት ሥር ያለውን ስፋት ለካ። ሦስተኛ፣ በዚያው ቦታ ዙሪያውን በልብስ ሰፊ ሜትር ጠምጥመህ ለካ። ርዝመት፣ ስፋት፣ ዙሪያ፤ ሦስት ቁጥር ለሁለት እግር። የእግርህን ቅርጽ የሳልክበትን ወረቀትም ከጎኑ ማስመሪያ አስቀምጠህ ፎቶ አንስተህ ጨምርለት።

ባወር አሁን ስፋቱን በሦስት ይከፍለዋል፤ ፊት (Fit፣ በእንግሊዝኛ ልክ ማለት ነው) 1 ጠባብና ዝቅተኛ፣ ፊት 2 መካከለኛ፣ ፊት 3 ሰፊና ጥልቅ ነው። በሌሎቹና በቆዩት ሞዴሎች ዲ (D) የተለመደው፣ ባለ ሁለት ኢ (EE) ደግሞ ሰፊው ነው። እግርህ ከላይ ከፍ ያለ፣ ማለትም የጫማ ክር ሲታሰር ሁልጊዜ የሚያጥርህ ከሆነ፣ ፊት 3ን አስብበት።

ጫማው እጅህ ሲገባ ደግሞ የምታረጋግጠው ይህ ነው። ክሩን ሳታስር ጣቶችህን እስከ ጫፍ ግፋ፤ ከተረከዝህ ጀርባ አንድ ጣት ብቻ መግባት አለበት። ሁለት ከገባ ትልቅ ነው። ከዚያ ተረከዝህን መሬት ላይ ሁለት ሦስቴ መታ መታ አድርገህ ወደ ኋላ አስገባውና እሰር። ቀጥ ብለህ ስትቆም አውራ ጣትህ የጫማውን ጫፍ ዳሰስ ያደርገዋል፤ የበረኛ አቋቋምህን ይዘህ ጉልበትህን ስታጥፍ ይለቃል። ሳይለቅ ከቀረ አጥሮሃል። ሌላው የእርሳስ ፈተና ነው፦ ክሩን ፈትተህ ምላሱን ወደ ፊት ሳበው፣ እርሳስ ከላይ ሦስተኛዎቹ የክር ቀዳዳዎች ላይ አግድም አስቀምጥ። እርሳሱ ሁለቱን የጫማ ጠርዞች ሳይነካ እግርህ ላይ ካረፈ ጫማው ጥልቀት ይጎድለዋል፤ ሳምንት ሳይሞላ የእግርህ ጀርባ ይደነዝዛል።

በውጭ አገር ሱቆች ጫማውን በ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ምድጃ ለጥቂት ደቂቃ አሙቀው በእግር ላይ ያቀርጹታል። አንተ እዚያ ስለሌለህ አጎትህ እንዳያስሞቀው ንገረው፤ በእሱ እግር ነው የሚቀረጸው። እዚህ መጥቶም ዳቦ መጋገሪያ ውስጥ እንዳታስገባው፤ የቤት ምድጃ ሙቀቱ ስለሚዋዥቅ ሙጫውን ያቀልጠዋል፣ ሶሉ ይላቀቃል። ይልቅ አንድ ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ ለ20 ደቂቃ ቤት ውስጥ ምንጣፍ ላይ አድርገው ቁም፣ ጉልበትህን እጠፍ፣ ዘርጋ። ይበቃል።

ስለ ክር አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ በረኛ የሚስተው ስለሆነ። ጣቶች ላይ ላላ፣ ቁርጭምጭሚት ላይ ጠበቅ አድርግ፣ የመጨረሻውን የላይኛውን ቀዳዳ ግን ዝለለው። የተጫዋች ጫማ አንገቱ ከበረኛው ስለሚረዝም እስከ ላይ ከታሰረ ወደ ፊት አያጎነብስህም፤ ጉልበትህ ካልሄደ ደግሞ ክብደትህ ተረከዝህ ላይ ይቀርና ኳሱን የምትከተለው ዘግይተህ ነው።

ወደ ጎማው እንምጣ። ለአንተ ትልቁ ነገር ይህ ነው።

የጎማ ጥንካሬ ከጎኑ ላይ በቁጥርና በኤ ፊደል ይጻፋል። ቁጥሩ ከፍ ሲል ጎማው ይጠነክራል። ለቤት ውስጥ ፕላስቲክ ንጣፍ ከ72ኤ እስከ 78ኤ ያለው ነው የሚሠራው፤ ለውጭ ከ82ኤ እስከ 85ኤ። ለስላሳው ጎማ መሬቱን ይጨብጣል፤ ለስላሳ ስለሆነ ግን ሸካራ ኮንክሪት እንደ ሞረድ ይበላዋል። በረኛ ደግሞ እንደ ተጫዋች አይሮጥም፤ ሁልጊዜ በውስጥ ጠርዝ ወደ ጎን ይገፋል። ስለዚህ አራቱም ጎማ በአንድ ጎን ብቻ ያልቃል። 74ኤ ጎማ አድርጎ ኮንክሪት ላይ የሚገፋ በረኛ ጥቂት ጨዋታ ሳይጫወት ጎማው ላይ የተቦጨቀ ቦታ ያያል፤ ከዚያ ስትንከባለል ሜዳው ጎርባጣ ይመስልሃል፣ ጉዱ ግን ጎማው ላይ ነው።

በረኛ ጠንካራ ጎማ የሚፈልግበት ሌላም ምክንያት አለ። በበረዶ ላይ በረኛ እግሩን ሳያነሳ ወደ ጎን ይንሸራተታል። ጎማ ግን በአቅጣጫው ብቻ ነው የሚንከባለል፤ ወደ ጎን ይነክሳል። ለስላሳ ከሆነ ጭራሽ አይላቀቅም፤ ትንሽ እርምጃ ወደ ጎን ልትወስድ ስትል እግርህ ተተክሎ ይቀርና ጉልበትህ ይጠመዘዛል። ጠንካራው ትንሽ ይላቀቃል፤ ያቺ ትንሽ መላቀቅ ናት ጉልበትህን የምታድነው። በጣም ከጠነከረ ደግሞ ስትገፋ ያመልጥሃል። መሃሉን የሚወስነው የሜዳው ገጽ ነው።

ስለዚህ ሜዳውን እየው። መዳፍህን መሬቱ ላይ ሳብ አድርገው። የብርጭቆ ወረቀት ከመሰለህ መሬቱ ራሱ ይጨብጣልና 85ኤ ይሁን። እንደ ቤት ሊሾ የለሰለሰ ከሆነ 80ኤ ወይም 82ኤ። አንተ 78 ኪሎ ነህ፤ ፓዱ፣ የደረት መከላከያው፣ የራስ ቁሩ ተጨምሮ ወደ 90 ኪሎ ትጠጋለህ፤ ከባድ ሰው ደግሞ ለስላሳ ጎማን ይጨፈልቃል። ለዚህ ነው ከመጀመሪያው 84ኤ ወይም 85ኤ ያልኩህ። ሊሾ ላይ የምትጫወት ከሆነ ሌላ ጣጣ አለው፤ በበጋ አቧራ ይቀመጥበትና ዱቄት የተነሰነሰበት ወለል ላይ እንደ መቆም ይሆናል። መፍትሔው መጥረጊያ ነው። ከጨዋታ በፊት ከግቡ ፊት ሦስት ሜትር ያህል አንተ ራስህ ጥረገው፤ የማንም ኩባንያ ጎማ ያንን አቧራ አይችለውም።

አራቱንም እኩል ጥንካሬ ጀምር። ወር ከተጫወትክ በኋላ ስትገፋ እያመለጠህ ከሆነ መሃለኛዎቹን ሁለቱን፣ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን፣ በ82ኤ ቀይርና ዳርቻዎቹን ጠንካራ ተዋቸው። እግርህን ስታዞር ብዙ የሚጓዘው የፊትና የኋላ ጎማ ነው፤ እነሱ ይላቀቁ፣ መሃለኛዎቹ ይጨብጡ።

ለምን 76 ሚሊሜትር? 80ው ፈጣን ነው፤ አንተ ግን ፍጥነት አትፈልግም። 76 ስታደርግ ሁለት ሚሊሜትር ዝቅ ትላለህ፣ ጎማዎቹም ይራራቃሉ። 72 ከዚያም ዝቅ ያደርግሃል፤ ነገር ግን ስንጥቅ ይይዘዋል። በእኛ ኮንክሪት 76 ስምምነቱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ብዙ የሆኪ ስኬት ፊት ሁለቱ 76፣ ኋላ ሁለቱ 80 ሆኖ ነው የሚመጣው። ፍሬሙ የኋላውን መቀርቀሪያ (ጎማው የሚዞርበትን ቡሎን) ሁለት ሚሊሜትር ከፍ አድርጎ ስለተሠራ ነው አራቱም መሬት የሚነኩት። እንዲህ ያለ ፍሬም ላይ አራት እኩል ጎማ ካደረግህ ጫማው በሁለተኛውና በአራተኛው ላይ ብቻ ይቆማል፤ ወደ ፊት ስትል በመጀመሪያዎቹ ሁለት ላይ ይወድቃል። በረኛ ጸጥ ብሎ ሲቆም እንደ ዥዋዥዌ ያወዛውዘዋል። ለዚህ ነው ከመጀመሪያው ፍሬሙ ለአራት እኩል ጎማ የተሠራ ይሁን ያልኩት። አጎትህ ያገኘው ባለ ሁለት መጠኑን ብቻ ከሆነም አይመለስ፤ ግን አራት 76 እና አራት 80 የውጭ ጎማ ይግዛ፣ አንተም ቦታቸውን አትቀይር። 80ውን ፊት ካስገባኸው ሶሉን ሊነካ ይችላል።

አሁን የሚበጠሰው ገመድ። ነገሩ ስሌት ነው። 80 ሚሊሜትር ጎማ በሚይዝ ፍሬም ላይ ከአንዱ መቀርቀሪያ መሃል እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት 81 ሚሊሜትር ገደማ ነው። 80 ጎማ ከገባበት በሁለቱ ጎማ መካከል የሚቀረው 1 ሚሊሜትር ብቻ ነው። 76 ከሆነ 5፣ 72 ከሆነ 9 ሚሊሜትር ይቀራል። ያንተ ገመድ ውፍረቱ 6 ሚሊሜትር ቢሆን በዚያች ጠባብ ቦታ ሲገባ ጎማው ይይዘዋል፤ ይፈትለዋል፤ ይበጥሰዋል። ነገር ግን ጎማ ክብ ነው። ከመቀርቀሪያው መስመር ወደ ላይ፣ ወደ ሶሉ ስትጠጋ በሁለቱ ጎማ መካከል ሦስት ማዕዘን የሆነ ክፍተት ይከፈታል፤ እዚያ ከ2 ሴንቲሜትር በላይ ቦታ አለ። ገመዱ መኖር ያለበት እዚያ ላይ ነው፣ ሶሉ ሥር ተጣብቆ። ችግሩ ራሱ ወደ ታች መንሸራተቱ ነው።

ስለዚህ ሲገዛ ፍሬሙ ጎን ላይ፣ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ጎማ መካከል፣ ከላይ በኩል ክፍት መስኮት እንዳለው ይታይ። ጎኑ ድፍን የሆነ ፍሬም ገመድ ማሳለፊያ የለውም። ገመዱን በመስኮቱ ስታሳልፈው በላይኛው ጠርዝ ላይ በሁለት የፕላስቲክ ኬብል ማሰሪያ፣ አንዱን በውስጥ አንዱን በውጭ ጎን፣ ቀስፈህ ያዘው። የአሉሚኒየሙ ጠርዝ ስለት ከሆነ በጥሩ የብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው ወይም ናስትሮ ጠቅልልበት፤ ጎማ ሳይነካው ጠርዙም ይቆርጠዋል። ከጫማው እስከ ፓዱ ያለውን ገመድ ደግሞ ከ5 እስከ 8 ሴንቲሜትር ላላ አድርገው። ጥብቅ ካደረግኸው በጉልበትህ ስትወርድ ፓዱ አይዞርም፤ ሁሉም ጉልበት ገመዱ ላይ ይወድቃል። ላስቲክ የሆነ የበረኛ ገመድ አለ፤ አጎትህ አራት ያምጣ፣ ቀላል ነው።

የተጫዋች ጫማ ለበረኛ የሚጎድለው መከላከያ ነው። ኳሱ ወይም ፓኩ (በኳስ ፈንታ የሚመታው ጠፍጣፋ ክብ) ቢመታህ ከሁሉ የሚያመው የቁርጭምጭሚቱ ውስጠኛ አጥንትና የጣቶች ጫፍ ነው። የኢንላይን ፓክ ከበረዶው ይቀላል፤ የበረዶው ከ156 እስከ 170 ግራም ይመዝናል። ቀላል ነው ተብሎ ግን አይናቅም። ጫማው ላይ ከውጭ የሚታሰር ግልጽ ፕላስቲክ የእግር መከላከያ ይሸጣል፤ ተጫዋቾች ምት ለመከለል የሚያደርጉት ነው። በጀት ከተረፈ እሱን ጨምር። ካልተረፈ የእግር ፓድህ የታችኛው ጫፍ ጫማው ላይ ወርዶ ጣቶችህን መሸፈኑን አረጋግጥ፤ አዲሱ ስኬት ከአሮጌው ከፍ ወይም ዝቅ ካለ ፓዱ የሚያርፍበት ይለወጣልና ማሰሪያዎቹን እንደገና ለካ።

ኩሽኔታ። መጠኑ 608 ነው፦ ውስጡ 8፣ ውጭው 22፣ ወርዱ 7 ሚሊሜትር። ለጥንዱ 16 ኩሽኔታ ይገባል፤ በየጎማው በሁለቱ መካከል አንድ አነስተኛ ቱቦ አለ። ያቺን ቱቦ አንዳንዱ ጎማ ሲቀይር ይጥላታል፤ ያለ እሷ ቡሎኑን ስታጠብቅ ኩሽኔታዎቹ ይጨፈለቃሉ፣ ጎማው አይዞርም፣ ሰውዬውም ኩሽኔታው አርጅቷል ብሎ ሌላ ይገዛል።

ፈጣን ኩሽኔታ ይጎዳሃል ያልኩህ ለዚህ ነው፦ የውጭ ሜዳ ዝናቡ እንዲወርድ ተብሎ በመጠኑ ዘንበል ተደርጎ ነው የሚሠራው። በዓይን አይታይም። ግን በጣም የሚንከባለል ጎማ ያደረገ በረኛ ዝም ብሎ ሲቆም ቀስ እያለ ከግቡ ይወጣል፤ ዞር ሲል ግቡ ሁለት ሜትር ርቆ ያገኘዋል። ስለዚህ ተራውን ኩሽኔታ ውሰድ፤ ሁለቱም ጎኑ በላስቲክ የተሸፈነውን፣ 2አርኤስ የሚል ጽሑፍ ያለውን። አቧራ አያስገባም። በብረት ክዳን የተሸፈነው ለንጹሕ አዳራሽ ነው። ሲያልቅብህ መርካቶ የኩሽኔታ ሱቅ ገብተህ 608 በለው፤ ለብዙ ትናንሽ ሞተር ስለሚያገለግል አይጠፋም። ውስጡን ቀጭን ዘይት ሳይሆን ግራሶ አድርግበት፤ ትንሽ ይዘገያል፣ የምትፈልገውም እሱን ነው። በክረምት እርጥብ ሜዳ ላይ ከዋልክ ማታውኑ ጎማዎቹን ፈትተህ አናፍስ፤ ሳምንት ሙሉ ቦርሳ ውስጥ የከረመ እርጥብ ኩሽኔታ ዝጎ ነው የሚጠብቅህ። ስታጥበው ላስቲኩን በመርፌ ጫፍ አንስተህ በነጭ ጋዝ እጠብ፣ አድርቅ፣ ከዚያ ግራሶ። ቤንዚን አትጠቀም፤ እሳት ነው።

ቡሎን ማጥበቅ፦ ጎማውን በጣትህ ስትገፋው ወደ ጎን ካልተንቀሳቀሰና በነፃነት ከዞረ በቃው። አሉሚኒየም ፍሬም ጥርሱ ለስላሳ ነው፤ ከልክ በላይ ከጠበቀ ጥርሱ ይላጫል፤ ያኔ ፍሬሙ ሁሉ ይለወጣል። ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ጨዋታ በኋላ ግን ሁሉንም ፈትሽ፤ አዲስ ቡሎን ይላላል። ጎማ ስታዛውር፣ አንተ በውስጥ ጎን ስለምትጨርሰው፣ የግራውን እግር ወደ ቀኝ፣ ውስጡን ወደ ውጭ ገልብጠህ፣ ከዚያ አንደኛውን ከሦስተኛ፣ ሁለተኛውን ከአራተኛ ለዋውጥ። ጥንካሬ ቀላቅለህ ከሆነ አንደኛውን ከአራተኛ፣ ሁለተኛውን ከሦስተኛ። በካሊብሮ ለክተህ በሁለት ጎማ መካከል የቁመት ልዩነቱ 2 ሚሊሜትር ከደረሰ ዘግይተሃል።

አጎትህ ሳይመጣ ቢቀርና ሰልባጅ ብታገኝ፦ ጫማውን ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አቁመው፣ ወረቀት በየጎማው ሥር ለማሳለፍ ሞክር። የማይያዘው ጎማ ካለ ወይ አልቋል ወይ ፍሬሙ ተጣሟል። ሪቬቶቹን በጥፍርህ ነቅንቅ። ጎማውን ፈትተህ ኮንክሪት ላይ ጣለው፤ ጥሩው ዩሪቴን ይነጥራል፣ የአሻንጉሊት ፕላስቲክ ግን ዱብ ብሎ ይቀራል። አሁን የምታደርገው ስኬት ላይ ይህን ብትሞክር መልሱን የምታውቀው ይመስለኛል። የሆኪ ስኬት ፍሬን የለውም፤ አዲሱን ለመሞከር ከአራት ኪሎ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ የሚወርደውን ቁልቁለት እንዳትመርጥ።

በመጨረሻ፣ አጎትህ ከሱቅ ሳይወጣ የጎማውን ጎን ፎቶ አንስቶ ይላክልህ። እዚያ ላይ ሁለት ቁጥር ተጽፎ ታያለህ፦ አንዱ ቁመቱ በሚሊሜትር፣ ሌላው ጥንካሬው በኤ። አንተ 76 ብለህ ስትልክ ሻጩ ጥንካሬ መስሎት 76ኤ ሊሰጠው ይችላል፤ ያ የቤት ውስጥ ጎማ ነው። የሚነበበው 76 ሚሊሜትር፣ 84ኤ ወይም 85ኤ መሆን አለበት። ኤው 76 ላይ ከዋለ ያስለውጠው።